ዳማ ቤት ገባች፦ ስለ ባሴንጂ ቡችላዬና ስላሳደጓት አርቢ

ዳማ ቤት ከገባች ሦስተኛ ሳምንቷን ይዛለች። ስሟን ያወጣሁላት በቀለሟ ነው። ዳማ ፈረስ ያየ ሰው ይገባዋል፣ ቀይ ሆኖ ወደ ቡናማ የሚያደላ። እግሮቿ፣ ደረቷና የጅራቷ ጫፍ ነጭ ናቸው። ጅራቷ ከአሁኑ ወገቧ ላይ ጥቅልል ብሏል፤ ግንባሯን ስትቋጥር ደግሞ ከባድ ጉዳይ የያዛት ትመስላለች። ወድጃታለሁ። ዛሬ የምጽፈው ግን ስላመጣሁበት ቤት ነው፤ አርቢዋ ምን በደንብ እንደሠሩና ምን እንዳጎደሉ። ባሴንጂ የተባለውን የውሻ ዝርያ ለመውሰድ ያሰበ ሰው ከቡችላው ፊት በፊት ወረቀቱን ማየት አለበት ብዬ ስለማምን ነው።

ለቸኮለ ሰው፦ ከአምስት አራት ኮከብ። አራቱን ያገኙት በዘር ሐረጉና በጤና ምርመራው ነው። አንዷን ለምን እንደቀነስኩ ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ መጠበቅ አለ። ብዙ የውሻ ዝርያ በዓመት ሁለት ጊዜ ለስሪያ ይደርሳል፣ ሴት ባሴንጂ ግን ባብዛኛው አንዴ ብቻ ነው። ስለዚህ ቡችሎቹ በአንድ ወቅት ይወለዳሉ፤ ያ ወቅት ካለፈ እስከ ቀጣዩ ዓመት መታገሥ ነው። እኔም ታገሥኩ። አርቢዋ በስልክ ስለ ክፍያ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ብዙ ጠየቁኝ፦ በቀን ስንት ሰዓት ብቻዋን ትሆናለች? አጥሩ ምን ያህል ይረዝማል? ቤት ውስጥ ድመት ወይም ዶሮ አለ? እንዲህ የሚጠይቅ ሰው ቡችላው የት እንደሚገባ ይጨንቀዋል ማለት ነው፣ እና ያኔ ልቤ አረፈ።

ስሄድ ቡችሎቹን ከማሳየታቸው በፊት የአምስት ትውልድ የዘር ሐረግ ጠረጴዛው ላይ ዘረጉልኝ። ጣታቸው ወደ አንድ ጥግ ሄደና «አቮንጋራ» የሚል ቅድመ ስም ላይ ቆመ። «የዚች ልጅ ሀብት እዚህ ጋ ነው» አሉኝ። አቮንጋራ በመካከለኛው አፍሪካ የሚኖረው የአዛንዴ ሕዝብ ገዢ ጎሳ ስም ነው፤ ይህ ቅድመ ስም ያላቸው ውሾችም ከዚያ አካባቢ የወጡ ስለሆኑ በእሱ ተጠሩ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ባሴንጂ የመካከለኛው አፍሪካ፣ በተለይ የኮንጎ ተፋሰስ አዳኝ ውሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 ጥንድ ውሾች ወደ እንግሊዝ ተወስደው ነበር፣ ግን ብዙም ሳይቆዩ ዲስቴምፐር በሚባል ተላላፊ የውሻ በሽታ ሞቱ። ዝርያው ከአፍሪካ ውጪ እግሩን የተከለው በ1930ዎቹ መጨረሻ ነው። በ1959 ደግሞ ፉላ የተባለች ውሻ ከደቡብ ሱዳን ወደ እንግሊዝ ተወስዳ ስሟ በብዙ የዘር ሐረጎች ውስጥ ገባ። ችግሩ፣ ከአፍሪካ ውጪ ያለው ባሴንጂ ሁሉ የተነሳው ከጥቂት ውሾች መሆኑ ነው። ጥቂት ውሾች እርስ በርስ ሲዳቀሉ የተደበቀው በሽታ ሁሉ ወደ ላይ ይወጣል።

ወጣም። ፋንኮኒ ይባላል፣ የኩላሊት በሽታ ነው። ኩላሊቱ ለሰውነት መልሶ ማስቀረት ያለበትን ስኳር፣ አሚኖ አሲድና ማዕድን ዝም ብሎ ከሽንት ጋር ይለቀዋል። ውሻው ውሃ አይበቃውም፣ ሽንቱ ይበዛል፣ ይከሳል። ሽንቱ ውስጥ ስኳር ይገኛል፣ የደሙ ስኳር ግን ልክ ነው፤ ይህን ያልለየ ሰው የስኳር በሽታ ነው ብሎ ይሳሳታል። ከሁሉ የከፋው ግን ብዙ ጊዜ ምልክቱ የሚታየው ውሻው አራት ዓመትና ከዚያ በላይ ሲሆነው መሆኑ ነው። እስከዚያ ወልዷል፣ ልጆቹም ወልደዋል።

ለዚህ ነው የአፍሪካ ደም ጌጥ ያልሆነው። እ.ኤ.አ. በ1987 እና በ1988 አሜሪካውያን አርቢዎች በወቅቱ ዛየር ትባል ወደነበረችው አገር ሄደው ከመንደር ውሾች መርጠው አመጡ፤ «አቮንጋራ» የተባሉት እነዚህ ናቸው። በ1990 የውሻ ዘር የሚመዘግበው የአሜሪካ ኬኔል ክለብ አዲስ ውሻ እንዳይገባበት ተዘግቶ የቆየውን የዘር መዝገብ ከፍቶ 14 አፍሪካዊ ውሾችን ተቀበለ። ከ2009 እስከ 2013 ድረስም እንደገና ተከፈተ። ቀይ መደብ ላይ ጥቁር መስመር መስመር ያለበት መልክ በአሜሪካ የተስፋፋው በእነዚህ ውሾች ነው። የዳማ እናት እንደዚያ ናት። ልጇ ግን ቀዩን ወሰደች።

ደሙ አዲስ ስለሆነ ብቻ ምርመራ ይቅር ማለት ግን አይደለም፤ አርቢዋን ያከበርኳቸውም እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ፋንኮኒን በቀጥታ የሚለይ የዘረመል ምርመራ ወጥቷል። ቡችላ የሚታመመው ጉድለቱን ከእናትም ከአባትም ሲወርስ ነው። የዳማ እናት ነጻ ናት፣ አባቷ ተሸካሚ ነው፤ ማለትም ጉድለቱን ከአንድ ወገን ብቻ ወርሶ ራሱ አይታመምም። ስለዚህ ከዚህ ጥንድ ቡችሎች ውስጥ ተሸካሚ ሊኖር ይችላል፣ የሚታመም ግን አይኖርም። አባትየው ተሸካሚ መሆኑን ሳልጠይቃቸው ራሳቸው ነገሩኝ። የእያንዳንዱን ቡችላ ውጤትም ለየብቻ አሳዩኝ፤ የእሷ «ነጻ» ይላል። የወላጆቹን የዓይን ምርመራም አየሁ። «ውሾቼ ጤነኞች ናቸው፣ እመነኝ» ብሎ ወረቀት የማያሳይ አርቢ ካጋጠማችሁ፣ ቡችላው የቱንም ያህል ቢያምር ውጡ።

ባሴንጂ የጥንት ፈርዖኖች ውሻ ነው እየተባለ የሚወራውም ተነስቶ ነበር። የጥንት ግብፅ መቃብሮች ላይ ጆሮው የቆመ፣ ጅራቱ የተጠቀለለ ውሻ ተስሎ ይታያል፣ እውነት ነው። መልክ መመሳሰል ግን የዘር ሐረግ አይደለም። የዘረመል ጥናቶች ባሴንጂን ቀድመው ከተለዩት የውሻ ዘሮች ተርታ ነው የሚያስቀምጡት፤ በ2021 የታተመው ሙሉ የዘረመል ንባብም የሚጠራው ጥንታዊ ውሻ ብሎ ነው። ለእኔ ይሄ በቂ ነው። ደግሞ ፈርዖን ሲነሳ የሚረሱ ሰዎች አሉ፦ ይህን ውሻ በደን ውስጥ እየመረጡ፣ እያደኑበት፣ ከእሱ ጋር እየኖሩ እዚህ ያደረሱት የመካከለኛው አፍሪካ አዳኞች ናቸው። በኮንጎ ኢቱሪ ደን ውስጥ አዳኞች አንገቱ ላይ የእንጨት ቃጭል ያስሩለታል፣ እሱም አውሬውን እየነዳ መረብ ውስጥ ያስገባላቸዋል። ውሻው ስለማይጮህ በጥቅጥቁ ደን ውስጥ የት እንዳለ የሚናገረው ቃጭሉ ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ዳማ ቁጥቋጦ ስታይ ደንዝዛ የምትቆመውን አቋም በሌላ ዓይን ነው የማየው።

አሁን ወደ ቀነስኳት ኮከብ። «አትጮህም» ተባልኩ። እንደ ሌላ ውሻ ደጋግማ አትጮህም፣ ልክ ነው። ግን ድምፅ አላት! ደስ ሲላት እልልታና ማላዘን የተቀላቀለበት ነገር ታሰማለች፣ እሱ ደስ ይላል። ብቻዋን ስትቀር ግን የምታሰማው ጩኸት እንደ ሰው ልጅ ለቅሶ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን አራት ሌሊቶች አልተኛንም። ቡችሎቹ እዚያ እያሉ ለደቂቃዎች እንኳ ብቻቸውን መሆንን አልለመዱም ነበር፣ ይህንንም አስቀድሞ የነገረኝ የለም። የክትባት ደብተሯም በእጄ አልተሰጠኝም፤ ዘጠኝ ቀን ዘግይቶ ደረሰኝ። የእንስሳት ሐኪሙ ያለ ደብተሩ ቀጣዩን ክትባት አልሰጥም አለ፣ ትክክልም ነበር። ሁለት ጊዜ ደወልኩ፣ በሦስተኛው ይቅርታ ጠይቀው ላኩልኝ። ለዘሩ ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ሰው ደብተር ሊረሳ አይገባም።

ውሉ ግን ጥሩ ነው። በማንኛውም ዕድሜ፣ በማንኛውም ምክንያት ማሳደግ ካቃተኝ ወደ ሌላ ሰው ሳትሄድ ወደ እሳቸው ትመለሳለች ይላል። ሲሰጡኝም ትበላው የነበረውን ምግብ ለሳምንት የሚበቃ አብረው ስለሰጡኝ ሆዷ አልተረበሸም።

ስለ ውሻዋ ጥቂት ልጨምር። ሽታ የላትም ማለት ይቻላል፣ መዳፏን እየላሰች እንደ ድመት ራሷን ታጸዳለች። አድጋ እንኳ ወደ 10 ኪሎ ነው የምትሆነው። ግን ሥራ ነው የምትፈልገው፤ ሩጫና ጨዋታ ካጣች የሶፋ ትራስ ትቀድዳለች። ገመዷን ክፍት ቦታ ላይ አትፍቱ፣ የሚሮጥ ነገር ካየች ስሟን አትሰማም። ስትጠሯት ወዲያው እንድትመጣ የምትፈልጉ ከሆነ ሌላ ዝርያ ብትመርጡ ይሻላል። ዳማ ትሰማኛለች፣ ከዚያ ታስብበታለች፣ ከዚያ ወይ ትመጣለች ወይ አትመጣም።

ትናንት ማታ ሳጥኗ ውስጥ ሳታለቅስ አምስት ሰዓት ተኛች። ክትባቷ ሲያልቅ ከእናቷ ጋር እንድትሮጥ አርቢዋ ጋብዘውናል፣ ይዣት እሄዳለሁ።