የሶፍትዌር ፍተሻ ሥልጠና ንጽጽር፦ ከድሬዳዋ ሆናችሁ የትኛውን ትገዛላችሁ?

ድሬዳዋ ውስጥ ስለ ሶፍትዌር ፍተሻ ሥልጠና የሚጠይቁኝ ሰዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኞቹ በኮምፒውተር ትምህርት ተመርቀው ሥራ የሚፈልጉ ወጣቶች ናቸው። ሌሎቹ ደግሞ በባንክ፣ በሎጂስቲክስ ድርጅት ወይም በመንግሥት መሥሪያ ቤት የአይቲ ክፍል ውስጥ እየሠሩ ሳለ ድንገት «ይህን ሲስተም አንተ ፈትሸው» የተባሉ ናቸው። ስልካቸው ላይ የሚመጣላቸው ማስታወቂያ አንድ ነው፤ የሚያስፈልጋቸው ሥልጠና ግን የተለያየ ነው።

ገበያው ላይ ያለውን አራት ቦታ ከፍዬ ላወዳድር፦ በራስ ጥረት አጥንቶ መፈተን፣ በኦንላይን ቀጥታ የሚሰጥ እውቅና ያለው ሥልጠና፣ የአውቶሜሽን (ፍተሻውን በሰው እጅ ሳይሆን በፕሮግራም የሚያስኬድ) መሣሪያ ኮርስና የፍተሻ አመራር ሥልጠና። አሠልጣኝ ድሬ ድረስ አስመጥቶ ሠራተኛን ማሠልጠን የድርጅት ጉዳይ ስለሆነ መጨረሻ ላይ እመጣበታለሁ። ከዋጋም ከስምም በፊት የማየው አንድ ነገር ነው፦ የጻፋችሁትን ቴስት ኬዝ (ምን እንደሚሞከርና ምን ውጤት እንደሚጠበቅ የሚዘረዝር ጽሑፍ) እና የባግ ሪፖርት (ስለተገኘ ስህተት የሚጻፍ ሪፖርት) አንብቦ የሚያርም ሰው አለ ወይ? ፍተሻ ከግማሽ በላይ የጽሑፍ ሥራ ነው። ያገኛችሁትን ስህተት ፕሮግራመሩ በራሱ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ሊያየው በሚችል መልኩ ካልጻፋችሁት፣ እንዳላገኛችሁት ይቆጠራል። ይህ ችሎታ ቪዲዮ በማየት ብቻ አይለመድም።

ሙያው ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባ መሆኑን ለሚጠራጠር መጋቢት 2016ን ላስታውስ። በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ የጥገናና የፍተሻ ሥራ በሚካሄድበት ሌሊት በተፈጠረ ችግር ደንበኞች ሂሳባቸው ውስጥ ካለው በላይ ገንዘብ አወጡ፤ ባንኩ በኋላ የገለጸው መጠን ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር። በሥራ ላይ ያለ ሲስተም ሲነካ ምን ሊከተል እንደሚችል አገር ሁሉ አይቷል። ለውጥ ከተደረገ በኋላ ቀድሞ ይሠራ የነበረው አሁንም መሥራቱን ማረጋገጥ ሪግሬሽን ይባላል፤ የምትገዙት ሥልጠና ይህን በቃል ብቻ ነግሯችሁ የሚያልፍ ከሆነ ዋናውን አጉድሏል።

በራስ አጥንቶ ለፋውንዴሽን መቀመጥ

አይ.ኤስ.ቲ.ኪው.ቢ. በ2002 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ዓለም አቀፍ የሶፍትዌር ፈታሾች ብቃት ማረጋገጫ ቦርድ ነው። የመጀመሪያ ደረጃው ፋውንዴሽን ይባላል፤ የአሁኑ ሥርዓተ ትምህርት እትም 4.0 ሲሆን የወጣው በ2023 እ.ኤ.አ. ነው። ብዙ ማስታወቂያ የማይነግራችሁ ነገር አለ፦ ሥርዓተ ትምህርቱም፣ የሙያ ቃላት መፍቻውም፣ የናሙና ፈተናዎቹም ከነመልሳቸው በቦርዱ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛሉ። ለፋውንዴሽን ፈተና ለመቀመጥም ሥልጠና መውሰድ ግዴታ አይደለም። ስለዚህ አንድ ሰው «ማቴሪያሉን እኔ ብቻ ነኝ ያለኝ» ብሎ ቢሸጥላችሁ ነፃውን ነው የሚሸጥላችሁ።

ፈተናው 40 ጥያቄ፣ 60 ደቂቃ ነው፤ ለማለፍ 26 ነጥብ፣ ማለትም 65 በመቶ ያስፈልጋል። የፈተናው ቋንቋ አፍ መፍቻው ላልሆነ ሰው 25 በመቶ ተጨማሪ ጊዜ ይፈቀዳል፤ በእንግሊዝኛ የምትፈተኑ ከሆነ 75 ደቂቃ ይሆንላችኋል ማለት ነው። ይህን ስትመዘገቡ ጠይቁ፤ በፈተናው ዕለት ልጠይቅ ብትሉ ረፍዷል። ሰርተፊኬቱ ጊዜ አያልፍበትም፣ እድሳትም አይጠይቅም።

ሥርዓተ ትምህርቱ ስድስት ምዕራፍ አለው፤ ለማስተማር የተመደበለት ዝቅተኛ ጊዜ 1135 ደቂቃ፣ ወደ 19 ሰዓት ነው። ከዚህ ውስጥ ቴስት ስለ መንደፍ የሚያወራው አራተኛው ምዕራፍ 390 ደቂቃ፣ ፍተሻን ስለ መምራት የሚያወራው አምስተኛው 335 ደቂቃ ይወስዳሉ። ሁለቱ ብቻ ከጊዜው ሁለት ሦስተኛ ሊሞሉ ትንሽ ነው የሚቀራቸው፤ ከ40ው ጥያቄም 20ው የሚመጣው ከእነሱ ነው። የመሣሪያዎች ምዕራፍ 20 ደቂቃና ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው ያለው። ጥናታችሁን በዚሁ ልክ ከፋፍሉ። «ፋውንዴሽንን በአንድ ቀን እንጨርሳለን» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁም ስሌቱን ራሳችሁ ሠርታችሁታል።

የዚህ መንገድ ጉድለት ግልጽ ነው፤ አራሚ የለውም። ሁለት ወይም ሦስት ሆናችሁ አጥኑ፤ አንዱ የጻፈውን ባግ ሪፖርት ሌላው ያለ ምንም የቃል ማብራሪያ ተከትሎት ስህተቱን ማግኘት ይችል እንደሆነ ሞክሩ። ካልቻለ ሪፖርቱ እንደገና ይጻፍ። ሰዎች ይህን ልምምድ ይንቁታል፤ እኔ ግን ከናሙና ፈተናው አስበልጠዋለሁ፤ ሥራ ላይ የሚጠበቅባችሁ እሱ ነውና።

ቀጥታ የኦንላይን ሥልጠና

እዚህ የምትከፍሉት ለአሠልጣኙ ነው። እውቅና ያለው አሠልጣኝ ተቋም ማለት የቦርዱ አባል አገራት ቦርዶች ማቴሪያሉንና አሰጣጡን ገምግመው የተቀበሉት ነው፤ ስሙን በቦርዱ ድረ ገጽ ላይ መፈለግ ይቻላል። እዚያ ከሌለ «እውቅና አለን» የሚለው ወሬ ነው።

ከድሬ ሆኖ ለሚማር ሁለት ነገር ከይዘቱ እኩል ይወስናል። አንደኛው ሰዓት ነው። በቀዝቃዛው ወራታቸው በመካከለኛው አውሮፓ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የሚጀምር ክፍል እኛ ጋ ከቀኑ 5 ሰዓት ነው፤ ሙቀቱ እየበረታ ሲሄድ ገብታችሁ ከተማው ሁሉ ጥላ ሲፈልግ መሐል ላይ ትሆናላችሁ። ከሕንድ የሚሰጠው የማታ ክፍል ግን ለእኛ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል አካባቢ ስለሚጀምር ለሠራተኛ ይቀላል። ሁለተኛው መብራትና ኔትወርክ ነው። ስትጠይቁ ከዋጋው ቀጥሎ «ያመለጠኝን ክፍል ቀረጻ አገኛለሁ ወይ? ለስንት ጊዜ?» በሉ።

ጎን ለጎን ሲታዩ እንዲህ ናቸው፦

| | በራስ ጥናት | ቀጥታ ሥልጠና |
|---|---|---|
| የሚከፈለው | የፈተና ክፍያ ብቻ | የሥልጠናና አብዛኛውን ጊዜ የፈተና |
| አራሚ | ጓደኛ ካላገኛችሁ የለም | አስቀድማችሁ ጠይቃችሁ ካረጋገጣችሁ አለ |
| መብራት ቢጠፋ | ምንም አይቀርባችሁም | ክፍሉ ያልፋችኋል |
| ለማን | ቀን ቀን ጊዜ ላለው ጀማሪ | መሥሪያ ቤቱ ለሚከፍልለት ሠራተኛ |

ፍርዴን ልናገር፦ ሥራ ፈላጊ ከሆናችሁና ከኪሳችሁ የምትከፍሉ ከሆነ ለፋውንዴሽን ቀጥታ ሥልጠና አትግዙ። ያንኑ ገንዘብ ለፈተናው አስቀምጡት። አሠሪ ሲከፍልላችሁና የእለት ሥራችሁን ይዛችሁ ገብታችሁ መጠየቅ ስትችሉ ግን ቀጥታ ሥልጠናው ዋጋውን ይመልሳል።

የአውቶሜሽን ኮርሶች

ትልቁ ማስታወቂያ ያለው እዚህ ነው። ድረ ገጾችን በራሱ የሚፈትሸው ሰሌኒየም ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነፃ መሣሪያ ነው፤ ማይክሮሶፍት በ2020 እ.ኤ.አ. ለዚሁ ሥራ ያወጣው ፕሌይራይትም ነፃ ነው፤ ለጭነት ፍተሻ፣ ማለትም ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲጠቀም ሲስተሙ መቻል አለመቻሉን ለማየት የሚውለው ጄሜተርም እንዲሁ። ሦስቱም በሠሪዎቻቸው የተጻፈ ጥሩ መመሪያ በነፃ አላቸው። ኮርሱ የሚሸጥላችሁ ቅደም ተከተልና ልምምድ ብቻ ነው፤ ለዚያ ተመጣጣኝ ዋጋ ከሆነ ክፉ አይደለም።

ችግሩ ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ነው። ምን መፈተሽ እንዳለበት ያልተማረ ሰው አውቶሜሽን ሲማር ደካማ ቴስት በፍጥነት ማስኬድ ነው የሚማረው። ፕሮግራም ጽፋችሁ የማታውቁ ከሆነ ደግሞ ከመክፈላችሁ በፊት በመንግሥት የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ መርሐ ግብር የፕሮግራሚንግ መሠረታዊ ኮርስ በነፃ አለ፤ እሱን ጨርሱ። ፍተሻን ለብቻው አያስተምርም፤ ለዚህ ኮርስ የሚያስፈልገውን መሠረት ግን ይሰጣችኋል።

የፍተሻ አመራር ሥልጠና

ይህኛው ለጀማሪ አይደለም። የአይ.ኤስ.ቲ.ኪው.ቢ. የከፍተኛ ደረጃ የፍተሻ አመራር ሰርተፊኬት ፋውንዴሽን ያለፈ ሰው ይጠይቃል፤ የሥራ ልምድም ይፈልጋል። እትም 3.0 በ2024 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። ሥራችሁ የሰው ሥራ ማከፋፈል፣ ቀን መገመትና ለአለቃ «ይለቀቅ» ወይም «አይለቀቅ» ማለት ከሆነ ግን ከአራቱ ይበልጥ የሚጠቅማችሁ ይህ ነው።

ልዩነቱን በአንድ ምሳሌ ላሳይ። አለቃችሁ «ይህን የደመወዝ ሲስተም ፈትሾ ለመጨረስ ስንት ቀን ይፈጃል?» ቢላችሁ፣ ያልሠለጠነ ሰው አንድ ቁጥር ይጠራና በዚያው ይያዛል። የሦስት ነጥብ ግምት የሚባለውን ዘዴ የሚያውቅ ሰው ከቡድኑ ሦስት ቁጥር ይሰበስባል፦ ሁሉ ቢቀና 4 ቀን፣ እንደ ወትሮው ከሆነ 7፣ ሁሉ ቢበላሽ 16። የመካከለኛውን በአራት አባዝቶ ከሁለቱ ጋር ይደምርና ለስድስት ያካፍለዋል፤ 8 ቀን ይመጣል። የከፍተኛውና የዝቅተኛው ልዩነት ለስድስት ሲካፈል ደግሞ 2 ቀን ነው፤ ግምቱ በዚህ ያህል ወደ ታችም ወደ ላይም ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ለአለቃው «ከ6 እስከ 10 ቀን፣ ምክንያቱም ዳታው ከአሮጌው ሲስተም ሲገለበጥ ሊበላሽ ይችላል» ይለዋል። አለቃው የሚያወራው ከዚያ በኋላ ስለ ዳታው ነው፣ ስለ እናንተ ስንፍና አይደለም።

ሌላው ጊዜ ሲያጥር የቱ ቴስት እንደሚቀር የመወሰን ጥበብ ነው። ሁሉን መፈተሽ አይቻልም፤ ይህ ከሰባቱ የፍተሻ መርሆዎች አንዱ ነው። አደጋን መሠረት ያደረገ ፍተሻ የሚሉት አሠራር እያንዳንዱ ክፍል የመበላሸት ዕድሉንና ቢበላሽ የሚያደርሰውን ጉዳት መዝኖ ከከባዱ ይጀምራል። አሠልጣኙ ይህን በእናንተው ሲስተም ላይ ካላሠራችሁ ስላይድ ነው የገዛችሁት። ዋጋው ከፋውንዴሽን ስለሚበልጥ ያለ አሠሪ ድጋፍ መግዛቱን አልመክርም።

አሠልጣኝ ድሬ ማስመጣት

አምስት ስድስት ሰው ማሠልጠን የሚፈልግ ድርጅት፣ በተለይ በነፃ የንግድ ቀጠናው አካባቢ የሚሠሩ የሎጂስቲክስ ድርጅቶች፣ ሠራተኛውን አዲስ አበባ ከመላክ አሠልጣኙን ማስመጣት ያስቡበት። የሚተርፈው የአበል ገንዘብ ብቻ አይደለም። ልምምዱ በራሳችሁ ሲስተም ላይ ይሆናል፤ የውጭ ኮርስ የማያነሳቸው ጉዳዮችም ይነሳሉ።

ለምሳሌ የወሰን እሴት የሚባለውን ዘዴ ሁሉም ኮርስ ያስተምራል፤ ከ18 እስከ 60 ዓመት የሚቀበል ፎርም ላይ 17፣ 18፣ 60 እና 61ን ትሞክራላችሁ። የእኛ አገር ወሰን ግን ጳጉሜ 6 ነው። በ2015 ነበረች፤ ቀጥሎ የምትመጣው በ2019 ነው፤ በማግሥቱም አዲስ ዓመት በፈረንጆቹ መስከረም 12 ላይ ይውላል። ደመወዝ ወይም ወለድ የሚያሰላ ሲስተም ያን ቀን ምን እንደሚያደርግ ፈትሻችሁታል? ሰዓትስ? የጉዞ ትኬት ላይ «1:00» የሚለው የጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው ወይስ የፈረንጁ? ስም ፍለጋ ላይ «ፀሐይ» ብሎ የተመዘገበን ሰው «ጸሀይ» ብሎ የፈለገ ሠራተኛ ያገኘዋል? ስልክ ቁጥር የሚቀበለው ፎርም ከ09 ሌላ በ07 የሚጀምረውንም ይወስዳል? ድሬ ላይ ደግሞ አንዱ ገጽ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ መነበብ አለበት፤ ለአማርኛ የተለካው ቁልፍ የኦሮምኛውን ቃል መሐል ላይ ይቆርጠዋል። ሦስቱን ቋንቋ የሚሰማ የድሬ ልጅ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው፤ አሠሪዎች ይህን ቢያዩት ደስ ይለኛል።

ክፍያና የፈተና ቀን

የውጭ ሥልጠናና ፈተና ዋጋው በዶላር ወይም በዩሮ ነው። የፋውንዴሽን ፈተና ብቻውን በአውሮፓና በአሜሪካ 200 ዶላር አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከመተዉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ስለዚህ የቆየ የብር ዋጋ ይዛችሁ በጀት አትጠይቁ፤ የጥያቄ ደብዳቤያችሁን በዶላር ጻፉና በዕለቱ ምንዛሪ ይታሰብ በሉ። ከውጭ የሚከፈልበትን መንገድም ከባንካችሁ ጋር ከመመዝገባችሁ በፊት ጨርሱ።

ፈተናውን ቤት ሆናችሁ በካሜራ እየታያችሁ የምትወስዱ ከሆነ ክፍሉ ውስጥ ብቻችሁን መሆን አለባችሁ፤ የተመዘገባችሁበት ስም ከመታወቂያው ጋር በፊደል መግጠም አለበት። ላፕቶፑ ባትሪው የሚይዝ ይሁን። ሳፋሪኮም በነሐሴ 2014 አገልግሎቱን ሲጀምር የመጀመሪያዋ ከተማ ድሬዳዋ ነበረች፤ ስለዚህ የኢትዮ ቴሌኮምና የሳፋሪኮም ሁለት ሲም በሁለት ስልክ ዳታ ሞልታችሁ አጠገባችሁ አስቀምጡ። አንዱ ሲቆም ወደ ሌላው መዞር ፈተናውን ያቋርጠው እንደሆነና ቢቋረጥ ካቆማችሁበት መቀጠል ይቻል እንደሆነ ፈታኙን ድርጅት ቀድማችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ያዙት። ሰዓቱን የምትመርጡት እናንተ ከሆናችሁ ደግሞ ጠዋት፣ ሙቀቱ ሳይበረታ አድርጉት።