ከኩላሊት ንቅለ ተከላ በፊት የሚታዘዘው የኤችኤልኤ ምርመራ፦ ለየቱ ክፍል ገንዘብ ማውጣት ያዋጣል?

ኤችኤልኤ የሚባሉት ሰውነት የራሱን ከባዕድ የሚለይባቸው፣ ሴሎች ላይ ያሉ ፕሮቲኖች (አንቲጅኖች) ናቸው። ጥቅሉ ሦስት ምርመራ ይይዛል፦ ታይፒንግ (የለጋሹንና የተቀባዩን የኤችኤልኤ ዓይነት መለየት)፣ የፀረ እንግዳ አካል ፍተሻ (ተቀባዩ የሌላ ሰው ኤችኤልኤን የሚያጠቃ ፀረ እንግዳ አካል እንዳለው ማየት) እና ክሮስማች (የተቀባዩን ሴረም፣ ማለትም ከሴሎች የተለየ የደም ፈሳሽ፣ ከለጋሹ ሴሎች ጋር ማገናኘት)። ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ «ከስድስቱ (ከኤ፣ ቢ እና ዲአር ሁለት ሁለት) ስንቱ ገጠመ?» ብሎ ታይፒንጉ ላይ ያተኩራል። በጀት ከጠበበ ግን መቆጠብ ያለበት እዚያው ታይፒንጉ ላይ ነው።

የኤችኤልኤ ጂኖች 6ኛው ክሮሞዞም ላይ ተጠጋግተው ስለሚገኙ ከእያንዳንዱ ወላጅ በአንድነት ይወረሳሉ። ስለዚህ ወንድምና እህት ሙሉ በሙሉ የመግጠም ዕድላቸው 25 በመቶ፣ በግማሽ 50፣ ጭራሽ ያለመግጠም 25 ነው። ወላጅና ልጅ ቢያንስ በግማሽ ይገጥማሉ። እንደ አዲስ አበባው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ለጋሹ በሕይወት ያለ ዘመድ በሚሆንበት ቦታ፣ «ኤ 02» የሚለው ባለ ሁለት አሃዝ ውጤት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። «ኤ 02፡01» የሚለው ውዱ ዓይነት የሚያስፈልገው ለጋሹ ባዳ ሲሆን ወይም ተቀባዩ ፀረ እንግዳ አካል ካለው ነው። ያኔም በቀጥታ የተነበበ ይሁን፤ በአውሮፓውያን መረጃ ከተሞላ የስርጭት ሠንጠረዥ የተገመተ ውጤት ለኢትዮጵያዊ ያሳስታል። ርካሹ ጥቅል ኤ፣ ቢ እና ዲአር ብቻ ሊሆን ስለሚችል ዲኪው የተባለው ሌላ የኤችኤልኤ ዓይነት መኖሩን አረጋግጡ፤ ከንቅለ ተከላ በኋላ አዲስ የሚፈጠሩት ፀረ እንግዳ አካላት ብዙውን ጊዜ የሚያነጣጥሩት እሱ ላይ ነው።

ገንዘብ ማውጣት በደንብ የሚያዋጣው ለፀረ እንግዳ አካል ፍተሻው ነው። እርግዝና፣ ደም መውሰድና የቀድሞ ንቅለ ተከላ ሰውነትን አስቀድመው ያስቆጡትና ፀረ እንግዳ አካል እንዲሠራ ያደርጉታል። ባል ወይም ልጅ ለእናት ሊለግስ ሲል በተለይ ጥንቃቄ የሚሻው ለዚህ ነው። በሉሚኔክስ መሣሪያ የሚነበበው የነጠላ አንቲጅን ዶቃ ምርመራ (እያንዳንዷ ጥቃቅን ዶቃ አንድ አንቲጅን የተለበጠባት) 100 ገደማ አንቲጅኖችን ለየብቻ ያሳያል። እንከን ግን አለው። ፀረ እንግዳ አካሉ እጅግ ሲበዛ ኮምፕሊመንት የተባለው የደም ፕሮቲን ዶቃውን ይሸፍንና ንባቡ ዝቅ ብሎ ይወጣል፤ ሴረሙ በኢዲቲኤ (ኮምፕሊመንቱን በሚያግድ ኬሚካል) ካልታከመ ወይም 1 ለ10 ካልቀጠነ ትልቁ አደጋ ተደብቆ ያልፋል። ዶቃው ላይ ቅርፁ የተበላሸ ፕሮቲን ደግሞ ሐሰተኛ ፖዘቲቭ ያመጣል። «ፖዘቲቭ» ወይም «ኔጋቲቭ» ብቻ የሚል ወረቀት አትቀበሉ፤ የፀረ እንግዳ አካሉን መጠን የሚጠቁመውን የኤምኤፍአይ (የዶቃው ብርሃን ልክ) ቁጥር ጠይቁ። የሁለት ላቦራቶሪዎችን ቁጥር ግን አታወዳድሩ። በሽተኛው እጥበት ላይ እያለ ደም ከወሰደ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ይደገም።

ክሮስማች የማይታለፍ ነው፤ ለምን እንደሆነ ፓቴልና ቴራሳኪ እ.ኤ.አ. በ1969 አሳይተዋል፦ ክሮስማቻቸው ፖዘቲቭ ከነበሩ 30 ንቅለ ተከላዎች 24ቱ ወዲያው ሲከሽፉ፣ ኔጋቲቭ ከነበሩት 195 ግን የከሸፉት 8 ብቻ ነበሩ። ችግሩ ናሙናው ላይ ነው። የለጋሹ ነጭ የደም ሴሎች በሕይወት መድረስ ስላለባቸው ደሙ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ሶዲየም ሄፓሪን ወይም ኤሲዲ ባለው ቱቦ ይወሰድ፤ ፍሪጅ ውስጥ ሳይገባ በአንድ ቀን ውስጥ ላቦራቶሪ ይድረስ። ለታይፒንግ ግን ሐምራዊ ክዳን ያለው የኢዲቲኤ ቱቦ ነው፤ ሄፓሪን ጂኑ የሚባዛበትን ፒሲአር ያግደዋል። ተቀባዩ ሪቱክሲማብ (ቢ ሴል የተባሉ ነጭ የደም ሴሎችን የሚያጠቃ መድኃኒት) ከወሰደ ለላቦራቶሪው ይነገር፤ የቢ ሴል ክሮስማቹን በሐሰት ፖዘቲቭ ያደርገዋል።

ላቦራቶሪ ስትመርጡ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን የተቀባዩን ሴረም አቀዝቅዞ በበረዶነት ያስቀምጥ እንደሆነ ጠይቁ። ከወራት በኋላ ክሪያቲኒን (ኩላሊት ሲዳከም ደም ውስጥ የሚከማች ቆሻሻ) ሲጨምር፣ የተገኘው ፀረ እንግዳ አካል አዲስ ይሁን የቆየ የሚታወቀው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ከተቀመጠው ሴረም ጋር ተመርምሮ ነው።