የእማዬን ቡፌ ላተረፉልኝ አናጺ

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ወር «የድሮ ዕቃ የሚነካ ደህና አናጺ የምታውቁ?» ብዬ ስጠይቅ ቁጥር የላካችሁልኝ በሙሉ እግዜር ይስጥልኝ። ሥራው አልቋል። ሲያልቅ እጽፋለሁ ብዬ ስለነበር ይኸው። ትንሽ ይረዝማል፤ የእናቱ ቡፌ ቤቱ ያለ ሰው ግን ታግሶ ቢያነበው አይጎዳም።

እማዬ በ1974 ዓ.ም. ዕቁብ ሲደርሳት ያሠራችው የዋንዛ ቡፌ አለን። ከላይ ጎን ለጎን ሁለት መሳቢያ፣ ከታች ባለ መስታወት መዝጊያ። ከቀበሌ ቤት ወደ ኮንዶሚኒየም ስንገባ ሶፋው ተሸጠ፣ ቁምሳጥኑ ለአክስቴ ተሰጠ፣ ቡፌው ግን አብሮን አራተኛ ፎቅ ወጣ። (የተሸካሚዎቹን እርግማን እዚህ አልጽፈውም።) አሁን ቴሌቪዥኑ እሱ ላይ ነው። ሪሲቨሩና የዋይፋይ ሳጥኑም ከጎኑ ዳንቴል ላይ ተቀምጠው ነበር፣ የሁለት ዓመት ተኩሉ ልጄ ገመዱን ስቦ ሪሲቨሩን እግሩ ሥር እስኪያወርደው ድረስ።

መሳቢያው ውስጥ ከተትነው። ሪሞት ደግሞ በእንጨት ውስጥ አያልፍም። እማዬ ቻናል በቀየረች ቁጥር መሳቢያው መከፈት አለበት፣ ከተከፈተ የሚዘጋው የለም፣ መብራት ሲጠፋ የሚያልፍ ሁሉ ጉልበቱን ይመታል። እኔ የፈለግሁት የመሳቢያው ፊት መልኩ ሳይለወጥ ወደ ታች እንዲታጠፍ ነበር፤ ሲዘጋ ማጠፊያው ከውጭ የማይታይ። ይቺ ምን ትከብዳለች ብዬ ነበር።

መጀመሪያ የመጣው ባለሙያ ቡፌውን በጣቱ ኳ ኳ አድርጎ «ይሄ ጊዜው አልፎበታል፣ በኤም ዲ ኤፍ አዲስ የቲቪ ስታንድ ልሥራልሽ» አለኝ። እምቢ ስለው የበር ማጠፊያ ከውጭ በብሎን ልምታበት አለ። እማዬ ከወንበሯ ሆና «ሬሳ ሣጥን አደረግከው እንዴ?» አለችው። እሱም እቃውን ሰብስቦ ሄደ።

በነገራችን ላይ ዋንዛ የሚጣል እንጨት አይደለም። በ1986ቱ የደን አዋጅ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ በስም ከተጠቀሱት ዛፎች አንዱ ነበር፣ ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጽድ ጋር። እንዲህ ያለ ወርዱ ሰፊ፣ አንድ ወጥ ጣውላ ዛሬ ልግዛ ብትሉ ዋጋውን ስትሰሙ ቁጭ ትላላችሁ።

ሁለተኛው ሰው ናቸው እንግዲህ የምመሰክርላቸው። ስሜን አትጻፊ ስላሉኝ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ። ገብተው ቡና እንኳ ሳይቀምሱ መሳቢያውን እስከ መጨረሻው አውጥተው ገለበጡትና የፊቱን ጣውላ ውፍረት ለኩ። 20 ሚሊ። ከዚያ ነው ምን እንደምፈልግ የጠየቁኝ።

እኔ ደግሞ አዋቂ ነኝ ብዬ ከመርካቶ ሁለት የኪችን ካቢኔት ማጠፊያ ገዝቼ ጠብቄያቸዋለሁ፤ ያቺን 35 ሚሊ ክብ ጉድጓድ ተቆፍሮላት እንጨቱ ውስጥ የምትቀበረዋን። ጋሼ አገላብጠው አዩዋት። «ልጄ፣ የዚህ ክንዱ ቀጥ ያለ ነው። ይሄ መዝጊያው የሳጥኑን ጠርዝ ከውጭ ለሚሸፍን ነው። ያንቺ መሳቢያ ክፈፉ ውስጥ የሚገባ ነው፤ ለሱ ክንዱ በደንብ የተቆለመመው ነው የሚሆነው።» ታዲያ እሱን ልግዛ ስላቸው «ግዢው፣ ግን ክንዱ የት ይቀመጣል? ሪሲቨሩ ላይ?» አሉኝ። እውነትም መሳቢያው ውስጥ ያለው ከፍታ 13 ሳንቲም ብቻ ነው፣ ወለሉም ጠባብ ነው።

ተራ ማጠፊያ ከውስጥ ቢመታስ ብዬ ስከራከር ከኪሳቸው የክብሪት ቀፎ አወጡ። ጠረጴዛው ላይ አቆሙት፣ የኋላውን የታች ጠርዝ በጥፍራቸው ተጭነው ያዙና ወደ ፊት አጋድዪው አሉኝ። ንቅንቅ አላለም። የፊተኛው ጠርዝ ጠረጴዛውን ይገፋል። «አየሽ፣ ማጠፊያው ከኋላ ከሆነ እንጨቱ ወደ ታች የውፍረቱን ያህል መሄጃ ይፈልጋል። ከታች ግን የቡፌው አግዳሚ አለ። ከፊት ካደረግነው ይታጠፋል፣ ብረቱ ግን ይታያል።» ከዚያ ከእማዬ መርፌ ተቀብለው የቀፎውን ጎን ታች፣ ከውፍረቱ መሃል ላይ ወጉትና ሁለቱን የታች ጠርዞች በጣታቸው ጨፍልቀው አከበቧቸው። ቀፎው በመርፌው ላይ ምንም ሳይነካ ተኛ። እኔ ያን ሁሉ ቪዲዮ አይቼ ያልገባኝ ነገር በአንድ ክብሪት ቀፎ ገባኝ።

ሥራው ሁለት ቀን ፈጀ። ፊቱ ብቻውን እንዲታጠፍ ከመሳቢያው ሳጥን መለየት ነበረበት። የድሮ መሳቢያ ፊቱና ጎኑ እንደ እጅ ጣት እርስ በርስ የተቆላለፈ ስለሆነ በካቻቢቴ የሚፈታ ነገር የለውም፤ በስስ መጋዝ ከኋላው ነው የቆረጡት። እማዬ ያን ጊዜ ወጥ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። የፊቱን ጣውላ የታች ጠርዝ በመላጊያ አከበቡት፣ ካርቶን ላይ 2 ሳንቲም ስፋት ያለው ግማሽ ክብ ቆርጠው እየለኩ፣ በመጨረሻ በብርጭቆ ወረቀት። ቀጥሎ በሁለቱም ጎን ጫፍ፣ ከታችም ከፊትም 10 ሚሊ ገባ ብሎ፣ አንድ አንድ ቀዳዳ። መጀመሪያ ቁርጥራጭ ላይ ሞከሩ፣ ከዚያ «ከጎን ቆመሽ ድሪሉ ካጋደለ ንገሪኝ» ብለው እኔን አቆሙኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ትንፋሼን ይዤ አላውቅም።

ቀዳዳዎቹ ውስጥ ገብተው ጣውላው የሚዞርባቸው ማዞሪያዎች ከተበላሸ ፕሪንተር የወጣ 6 ሚሊ ለስላሳ ዘንግ ተቆርጦ ነው። በግራ በኩል ዘንጉ የቡፌው ክፈፍ ቀዳዳ ውስጥ ይገባል። በቀኝ ግን ቀዳዳው ወደ ውስጥ የተከፈተ ስንጥቅ ነው፤ ጣውላው ከገባ በኋላ በትንሽ የዋንዛ ቁራጭና በአንድ ብሎን ይዘጋል። ነገ መፍታት ብፈልግ ያቺን አንድ ብሎን ነው የምፈታው። ዘንጉን ዘይት አልቀቡትም፣ ዘይት አቧራ ይይዛል ብለው ጧፍ አሹበት። መሳቢያው በነበረበት ክፍት ቦታ ወለል ላይ ከአሮጌ አልጋ የተረፈ የ2 ሳንቲም ቀረሮ ጣውላ አነጠፉ፤ ስለዚህ ፊቱ ሲተኛ ከወለሉ ጋር እኩል ይሆናል። ሪሲቨር ስለሚሞቅ ከኋላ ለገመድም ለአየርም ሰፋ ያለ ቀዳዳ፣ በሁለት ጎን ቀጭን ሰንሰለት፣ ከላይ ማግኔት።

ከሁሉ ያስገረመኝ ግን የመጨረሻው ሰዓት ነው። ተገጥሞ ሲዘጋ በቀኝ በኩል ከላይ ይፋተጋል። ሌላ ሰው ቢሆን መላጊያውን አንስቶ ጣውላውን ይበላው ነበር። ጋሼ ራቅ ብለው ቆመው አዩና «እንጨቱ ምንም አልሆነም፣ ቡፌው ነው ተንጋዶ የቆመው» አሉ። የኛ ኮንዶሚኒየም ወለል መቼ ቀጥ ብሎ ያውቃል! በግራው እግር ሥር ስስ ቁራጭ ሲሸጉጡበት ዙሪያውን ያለው ክፍተት እኩል ሆነ። ጎን ያለው መሳቢያ ሳይቀር ለዓመታት እየተንጫጫ ይከፈት የነበረው ዝም አለ።

አሁን ሁለቱ መሳቢያዎች መንታ ናቸው፣ የነሐስ እጀታቸውም የድሮው ነው። ወንድሜ ባለፈው እሑድ መጥቶ ክብሪት ፍለጋ ሲስበው ፊቱ እጁ ላይ ሲተኛበት «ሰበርኩት!» ብሎ ጮኸ። እማዬ እስከ ዛሬ ትስቃለች። የተቆረጠውን የመሳቢያ ሳጥንም ጋሼ አልጣሉትም፤ ከፊት ቁራጭ ገጥመው መልሰው ሰጧት፣ የዳንቴል ክሯን አድርጋበታለች።

እንግዲህ ጉድለታቸውንም ልንገራችሁ፣ በኋላ እኔን እንዳትወቅሱኝ። ማክሰኞ ብለው ሐሙስ ነው የመጡት። ስልክ ሥራ ላይ እያሉ አያነሱም፣ ማታ ደውሉ። አዲስ የኪችን ካቢኔት አልሠራም ይላሉ፣ ለምኛቸውም እምቢ ብለዋል። ለእጃቸው 4,000 ብር ከፈልኩ፤ ሰንሰለቱና ማግኔቱ ከ500 ብር አልዘለለም፣ ዘንጉንና ጣውላውን ከራሳቸው ነው ያመጡት። እነዚያን ማጠፊያዎች ደግሞ መርካቶ መልሼላቸው ግማሽ ብሬን አግኝቻለሁ።

ቁጥራቸውን ለሚፈልግ በውስጥ መስመር እልካለሁ፣ ፈቅደውልኛል። ከመደወላችሁ በፊት ግን የመሳቢያችሁን ፊት ውፍረት በሚሊ ለኩ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው፣ «እንጃ» ካላችኋቸው ለክታችሁ ደውሉ ብለው ይዘጉታል።