የሳምንቱ የመጀመሪያ 1,040 ማይል የማን ነው? ሊዝ ፐርቸዝ ከ14 ወር በኋላ

እዚህ የሚገመገመው ትራኩ ብቻ አይደለም፤ ትራኩ የመጣበት ውልም ነው፤ ሊዝ ፐርቸዝ፣ ማለትም ሹፌሩ ትራኩን ተከራይቶ በየሳምንቱ እየከፈለ መጨረሻ ላይ የራሱ የሚያደርግበት። ትራኩ የ2020 ሞዴል ፍሬይትላይነር ካስካዲያ ነው፤ ዲዲ15 ሞተር፣ ዲቲ12 አውቶማቲክ ማርሽ፣ በርክክብ ቀን 480 ሺህ ማይል የሄደ። ውሉ የ156 ሳምንት ነው፤ በሳምንት 725 ዶላር፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ 7,500 ዶላር ባሉን (የማጠቃለያ ክፍያ)። ዳውን ፔይመንት የለም፣ ክሬዲት አይታይም። እስካሁን 60 ሳምንት ተከፍሏል። የካምፓኒውን ስም አልጠራም፤ ውሉ ከሌሎቹ ብዙም ስለማይለይ ስሙ ብዙ አይጠቅምም።

መጀመሪያ ጠቅላላ ዋጋው። 725 በ156 ሲባዛ 113,100 ዶላር ነው፤ ባሉኑ ሲጨመር 120,600። በፊርማው ሰሞን ተመሳሳይ ዓመትና ማይል ያለው ትራክ ዲለር ጋ 48 ሺህ አካባቢ ይሸጥ ነበር። ያንኑ ትራክ 10 ሺህ ከፍሎ ቀሪውን 38 ሺህ በ14 በመቶ ወለድ ለ4 ዓመት የተበደረ ሰው በወር 1,038 ዶላር ይከፍላል፤ በሳምንት ሲመታ 240 ገደማ። ጠቅላላ ወጪው ወደ 60 ሺህ ይጠጋል፣ ማለትም የሊዙ ግማሽ። «ወለድ የለበትም» የሚለው ማስታወቂያ፣ በሃይማኖቱ ምክንያት ወለድ የሚሸሸውን ወገን በተለይ ይስባል። ወለድ የሚል መስመር ወረቀቱ ላይ አለመኖሩ እውነት ነው። ልዩነቱ ግን በየሳምንቱ 725 ውስጥ ተቀምጧል። በ60 ሳምንት የተከፈለው 43,500 ዶላር የትራኩን የገበያ ዋጋ ሊደርስበት ምንም አልቀረውም፤ ከፊት ደግሞ 96 ሳምንት አለ።

ይሄም ቢሆን ትራኩ እየሠራ እስከከፈለ ድረስ ይቻላል። ስለዚህ ሴትልመንቱን (የሳምንቱን የክፍያ መግለጫ) እንክፈተው። ጥሩ የሚባል ሳምንት 2,600 ማይል ነው፤ 2,300ው ጭነት ያለው፣ 300ው ባዶ። ጭነቱ ነዳጅ ሰርቻርጁን (ለነዳጅ የሚጨመረውን ክፍያ) ጨምሮ በማይል 2.25 ቢከፍል 5,175 ዶላር ይሆናል። የሹፌሩ ድርሻ 75 በመቶ ነው፤ 3,881። ከዚያ ቅነሳው ይጀምራል። ትራክ 725። ነዳጅ በ6.8 ማይል በጋሎን 382 ጋሎን፣ ከዲስካውንት በኋላ በ3.45 ሲሰላ 1,319። ፊዚካል ዳሜጅ (ለትራኩ ጉዳት)፣ ቦብቴይል (ያለ ትሬለር ሲነዳ) እና የሥራ ላይ አደጋ ኢንሹራንስ 135። ታርጋ፣ 2290 (የከባድ መኪና ታክስ)፣ ኢኤልዲ (የመንዳት ሰዓት መመዝገቢያ) እና ቅንስናሽ 62። የጥገና ኤስክሮ (ካምፓኒው ለጥገና የሚይዘው ተቀማጭ) በማይል 10 ሳንቲም፣ 260። እጅ የሚገባው 1,380 ዶላር ነው፤ ታክስ ገና አልተነካም።

ከዚህ ወረቀት ላይ ማንም ሪክሩተር የማያሳየው አንድ ቁጥር ይወጣል። ትራክ፣ ኢንሹራንስና ቅንስናሽ ተደምረው በሳምንት 922 ዶላር ናቸው፤ ጎማው ተንከባለለም ቆመም ይቆረጣሉ። እያንዳንዱ ማይል ነዳጅና ጥገናውን ችሎ የሚተርፈው 88 ሳንቲም ነው። 922ቱን ለመሸፈን 1,040 ማይል ያህል ያስፈልጋል። በ11 ሰዓት የመንዳት ገደብ በቀን 550 ማይል ከተሄደ፣ ሰኞ ጠዋት የተነሳ ሹፌር እስከ ማክሰኞ ማታ የሚነዳው ለትራኩ ነው። የራሱ ሳምንት የሚጀምረው ረቡዕ ነው። ረቡዕ ዲስፓቸሩ ጭነት ካላገኘለት ደግሞ…

የቆሙ ሳምንቶች ሂሳቡን የሚያበላሹት ለዚህ ነው። ከ60ው ሳምንት 49ኙ ሥራ ነበሩ፣ 6ቱ ቤት፣ 5ቱ ጋራዥ። የቆሙት 11 ሳምንቶች እያንዳንዳቸው 922 በልተዋል፤ 10,142 ዶላር። 49ኙ የሥራ ሳምንቶች 67,620 አስገቡ፣ ከዚያ ሲቀነስ 57,478። በተመሳሳይ 49 ሳምንት በማይል 60 ሳንቲም የሚከፈለው የካምፓኒ ሹፌር 76,440 ያገኛል። የእሱን ሶሻል ሴኩሪቲና ሜዲኬር ግማሹን አሠሪው ይከፍልለታል፤ ትራኩ ሲበላሽም ቁልፉን ለጋራዡ ሰጥቶ ይቀመጣል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይሄ ነው።

አሁን ወደ ትራኩ። 127,400 ማይል ተነድቷል፤ ኤስክሮው 12,740 ሰብስቧል። የወጣው ግን 15,190 ነው፦ ስምንት የድራይቭ ጎማ 3,440፣ ሁለት የመሪ ጎማ 1,040፣ ሦስት ጊዜ ዘይት 1,260፣ ኢጂአር ኩለር (ወደ ሞተሩ የሚመለሰው ጭስ ማቀዝቀዣ) 3,900፣ ኖክስ ሴንሰሮች (በጭሱ ውስጥ ያለውን የናይትሮጅን ኦክሳይድ የሚለኩ) ከነእጅ ሥራው 2,150፣ ዲፒኤፍ (የጥቀርሻ ማጣሪያ) ማጽዳት 850፣ ባትሪና አልተርኔተር 1,150፣ ጉተታ 1,400። ልዩነቱ 2,450 በየሳምንቱ እየተቆረጠ ተከፍሏል። ሞተሩና ማርሹ ራሳቸው አልተነኩም፤ ዲቲ12ም አንድ ቀን አላስቸገረም። የካስካዲያ ችግር ሞተሩ ላይ ሳይሆን ከሞተሩ በኋላ ያለው የጭስ ማጽጃ ላይ ነው።

ይሄን ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ኖክስ ሴንሰር ሁለት ነው፤ አንዱ ጭሱ ወደ ማጽጃው ሲገባ፣ ሌላው ሲወጣ ይለካል። ጫፉን ጥቀርሻና እርጥበት ያበላሸዋል። የመውጫው ሲሳሳት ኮምፒውተሩ ዴፉ (ጭሱን ለማጽዳት የሚረጨው የዩሪያ ፈሳሽ) ሥራውን እየሠራ አይደለም ብሎ ያምናል፤ ኤስፒኤን 4364 የሚል የብልሽት ኮድ ይወጣል። ቸል ከተባለ ኃይል ይቀንሳል፣ መጨረሻ ላይ ፍጥነቱን በሰዓት 5 ማይል ላይ ይዘጋዋል። ጉተታውን የወለደው ይሄ ነበር። ብዙ ጋራዥ ኮዱን ሲያይ ሁለቱንም ሴንሰር ይቀይራል፤ ከዚያ በፊት የዴፍ ዶዘሩ (መርጫው) ጫፍ ላይ ነጭ ጨው መጋገሩን ማየት፣ የዴፉንም ጥራት በሪፍራክቶሜትር መለካት 15 ደቂቃ አይፈጅም። ትክክለኛው ዴፍ 32.5 በመቶ ዩሪያ ነው። ዋናው መንስኤ ግን ቆሞ መሥራት ነው፤ አይድል ላይ ጭሱ አይሞቅም፣ ጥቀርሻው አይቃጠልም። ኤፒዩ (ዋናው ሞተር ጠፍቶ ካቢኑን የሚያገለግል ትንሽ ሞተር) የሌለው ትራክ በ10 ሰዓት እረፍት 8 ጋሎን ያህል ያቃጥላል፤ 27 ዶላር በሌሊት፣ ዲፒኤፉን እያፈነ። ኤፒዩ የሌለው ትራክ በሊዝ አትውሰዱ።

ከፊርማ በፊት ከሻጩ ውጪ በሆነ ጋራዥ ኮምፒውተሩ ይነበብ፤ የሞተር ሰዓቱ፣ የአይድል መቶኛው፣ ያለፉት ሪጄኖች (ጥቀርሻውን የማቃጠል ዑደቶች) ድግግሞሽ። የዘይት ናሙና ላብራቶሪ ይላክ፤ ኩላንት ከተገኘበት ኢጂአር ኩለር ወይም ከዚያ የባሰ ነገር አለ። የዲፒኤፍ የመጨረሻ ጽዳት ደረሰኝ ይጠየቅ። የመሪ ጎማ ሕጉ የሚፈቅደው ዝቅተኛ ጥልቀት 4/32 ኢንች፣ የሌላው 2/32 ነው፤ ድራይቩ 6/32 ላይ ከተረከባችሁ የስምንት ጎማ ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ እናንተ ላይ ነው። «ትራኩ አሁን ነው ከጋራዥ የወጣው» ለሚል ሰው መልሱ አንድ ነው፦ ወርክ ኦርደሩን አሳየኝ።

ፍጥነት ላይ አንድ ነገር ልበል፤ ከውሉ ውስጥ በሹፌሩ እጅ ያለው ብቸኛው ነገር ነውና። ከ65 በላይ እያንዳንዱ ማይል በሰዓት ወደ 0.1 ማይል በጋሎን ይበላል። 6.8 ወደ 6.0 ሲወርድ በሳምንት 51 ጋሎን፣ 176 ዶላር ይሄዳል። በ70 እየበረረ ስለ ካምፓኒው የሚያማርር ሹፌር ግማሹን ለራሱ ያማርር።

ጥሩ ጎኑም ቀላል አይደለም። ክሬዲቱ የተበላሸ ወይም አዲስ የመጣ ሰው ሌላ በር የለውም። በራሱ ኦቶሪቲ (የጭነት ሥራ ፈቃድ) የሚጀምር ሰው ዋናውን ላያቢሊቲ ኢንሹራንስ ለመጀመሪያው ዓመት ከ15 ሺህ ዶላር በላይ መጠየቁ የተለመደ ነው፤ እዚህ ካምፓኒው ይችለዋል። የነዳጅና የጎማ ዲስካውንቱ እውነተኛ ነው። ታክስ ላይ ደግሞ 1099 የሚቀበል (በግሉ የሚሠራ) ሹፌር ከቤት ውጪ ላደረበት ቀን ፐር ዲየም (የቀን አበል) ያወራርዳል፤ ከኦክቶበር 2024 ወዲህ በቀን 80 ዶላር፣ 80 በመቶው ተቀናሽ። 280 ቀን ከሆነ 17,920 ዶላር ከታክስ ገቢ ይወርዳል። የደብሊው-2 (ተቀጣሪ) ሹፌር ይሄን መብት ከ2018 ጀምሮ አጥቷል። በአንጻሩ የሴልፍ ኢምፕሎይመንት ታክስ 15.3 በመቶ አለ፣ ክፍያውም ኤፕሪል 15፣ ጁን 15፣ ሴፕቴምበር 15 እና ጃንዋሪ 15 ነው። ከሴትልመንቱ ሩቡን በየሳምንቱ ሌላ አካውንት ውስጥ ያላስቀመጠ ሰው ኤፕሪል ላይ ያለቅሳል። ባሉኑ 1 ዶላር ከሆነ አይአርኤስ ውሉን እንደ ግዢ ስለሚያየው ሳምንታዊ ክፍያው እንደ ኪራይ አይቀነስም፤ ዴፕሪሲየሽን ይሆናል። አካውንታንታችሁ ውሉን ራሱን ያንብበው።

ውሉን ስንል ሁለት ወረቀት ነው፦ አንዱ ከትራክ አከራዩ ጋር፣ ሁለተኛው ከጭነት ካምፓኒው ጋር። ብዙ ጊዜ ሁለቱም የአንድ ባለቤት ናቸው። አንድ አንቀጽ ፈልጉ፦ የሥራ ውሉ ሲቋረጥ የትራኩም ውል ይፈርሳል ይላል። ከሥሩ ደግሞ ቀሪው ክፍያ ሁሉ ወዲያው ይጠየቃል የሚል ካለ፣ በ60ኛው ሳምንት የተባረረ ሹፌር 69,600 ዶላር ባለዕዳ ሆኖ ይወርዳል። ይሄ አንቀጽ ባለበት አልፈርምም። ዋክ አዌይ የሚለው ከተጻፈ፣ ማለትም ትራኩን መልሶ ያለ ዕዳ መሄድ ከተፈቀደ፣ ውሉ ውድ ኪራይ እንጂ ወጥመድ አይደለም።

የፌዴራሉ ደንብ 49 ክፍል 376 ለሹፌሩ የሰጣቸው ነገሮች አሉ፤ ካልተጠየቁ ግን ማንም አያቀርባቸውም። ክፍያ የማድረሻ ወረቀቱ ከገባ በ15 ቀን ውስጥ መፈጸም አለበት። በመቶኛ የሚከፈለው ሹፌር የጭነቱን ዋጋ የሚያሳየውን ፍሬይት ቢል ኮፒ የማየት መብት አለው፤ 75 በመቶው የስንት 75 በመቶ እንደሆነ የሚታወቀው በዚያ ነው። ነዳጅም ሆነ ጎማ ከካምፓኒው ካልገዛህ ማለት አይቻልም። ኤስክሮ ወለድ ይታሰብለታል፣ ውሉ በተቋረጠ በ45 ቀን ውስጥ ይመለሳል። ለዚህ ነው አንዳንዱ ውል ገንዘቡን «ኤስክሮ» ከማለት «የጥገና ሪዘርቭ» ብሎ የአከራዩ ንብረት የሚያደርገው። ስሙን ተመልከቱ።

ዕዳው፣ ጭነቱና ደመወዙ በአንድ እጅ መያዛቸው መንግሥትም የደረሰበት ነገር ነው። በ2021 የመሠረተ ልማት ሕግ መሠረት የተቋቋመው የትራክ ሊዚንግ ግብረ ኃይል በጃንዋሪ 2025 ባቀረበው ሪፖርት፣ ኮንግረስ በጭነት ካምፓኒዎች የሚመሩትን ሊዝ ፐርቸዝ እንዲከለክል ጠይቋል። ጭነት እምቢ ያለ ሹፌር ሁለት ቀን ሲቆም፣ ያቆመው ሰው የሳምንቱንም ኪራይ ተቀባይ ነው።

አማራጩ ምንድን ነው? የ10 ሰው፣ በወር 1,000 ዶላር የሆነ እቁብ ዕጣው ሲደርስ 10 ሺህ ነው፤ ከላይ ያለው የብድር ስሌት ዳውን ፔይመንት ልክ ያ ነው። አንድ ዓመት በካምፓኒ ሹፌርነት እየነዱ ክሬዲት እያስተካከሉ እቁብ መግባት አዝጋሚ ይመስላል፣ ግን በሳምንት 485 ዶላር ልዩነት አለው። ሊዙ የግድ ከሆነ ትራኩ ከአንድ ወገን፣ ጭነቱ ከሌላ ወገን የሆነውን ፈልጉ።

ለመመለስ የወሰነ ሰው ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው። ሁለት ወር አስቀድሞ የጥገና ኤስክሮውን ሂሳብ መግለጫ በጽሑፍ ይጠይቅ። ባዶውን ትሬለር በውሉ በተጻፈው ቦታ ያስረክብ፤ መንገድ ላይ ጥሎ መሄድ የመልቀሚያውን ወጪ ከማምጣቱም በላይ በሥራ ታሪክ ሪፖርት ላይ ይጻፋል። የ10ሩን ጎማ ጥልቀት ከመለኪያው ጋር፣ ኦዶሜትሩን፣ አራቱን ማዕዘንና የካቢኑን ውስጥ ቀን በሚያሳይ ፎቶ ይያዝ። ታርጋውንና የነዳጅ ካርዱን ሲሰጥ ፊርማ ይቀበል። የኢኤልዲ መዝገቡንና ሴትልመንቶቹን በሙሉ ከመውጣቱ በፊት ከኦንላይን አካውንቱ ያውርድ፤ አካውንቱ በዚያው ቀን ሊዘጋ ይችላል። ከዚያ 45 ቀን ይቁጠር፣ በ46ኛው ደብዳቤ ይላክ፤ በሰርቲፋይድ ፖስታ፣ በስልክ አይደለም።