ኑግ ፋጉሎ ለሚመግብ ሰው፦ የላይሲን ከረጢት ያዋጣል?

ቢሾፍቱ ውስጥ በአንድ ዙር 300 የሥጋ ዶሮ አሳድጋለሁ። አኩሪ አተር ሲወደድብኝ መኖዬን በቆሎና ኑግ ፋጉሎ አደረግሁት። ፕሮቲኑ በስሌት ሞልቷል፤ ዶሮዎቹ ግን ግማሾቹ አድገው ግማሾቹ ቀጭጨው ቀሩ። በቆሎም ኑግም የሚያንሳቸው ያው ላይሲን የሚባለው አሚኖ አሲድ (ፕሮቲን ከሚገነባባቸው ቁራጮች አንዱ) ስለሆነ አንዱ የሌላውን ጉድለት አይሸፍንም።

ስለዚህ ላይሲኑን ለብቻው ልጨምር አልኩ። መጀመሪያ የገዛሁት ከተከፈተ ከረጢት በፌስታል ተመዝኖ ነበር። እርጥበት ስቦ ጓል ሆኖ ስለነበር ጣልኩት። ቀጥሎ ከሦስት ጎረቤቶቼ ጋር ተዋጥተን 25 ኪሎውን እንደታሸገ ገዛን፤ ደረቅ፣ ፈዘዝ ያለ ቡናማ፣ እንደ ስኳር የሚፈስ። በዕቃው ረክቻለሁ። ከረጢቱ ላይ አንድም የአማርኛ ቃል አለመኖሩ ግን ያናድዳል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ነው። 98.5 በመቶ የሚለው የላይሲን ሃይድሮክሎራይዱ (ላይሲን ከሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጋር ተያይዞ የሚሸጥበት ጨው) ንጽህና ነው፣ ላይሲኑ ራሱ 78 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ለ100 ኪሎ መኖ የምጨምረው 250 ግራም፣ 195 ግራም ላይሲን ብቻ ይሰጠኛል። መጀመሪያ ከሁለት ኪሎ የበቆሎ ዱቄት ጋር በደንብ አዋህደዋለሁ፤ ከዚያ ሸራ ላይ ከቀረው መኖ ጋር በአካፋ ደጋግሜ አገላብጠዋለሁ። ይህን የዘለለ ሰው ገንዘቡን አንድ ጥግ ላይ ደፋው ማለት ነው።

አንዷ ጎረቤቴ «ሆርሞን ነው» ብላ ፈርታ ነበር። አይደለም! አኩሪ አተር ውስጥ ያለው ያው ላይሲን ነው። የሚሠራው ኮሪኔባክቴሪየም ግሉታሚኩም የተባለ ባክቴሪያ ነው፤ ጃፓናዊው ሹኩኦ ኪኖሺታና ባልደረቦቹ በ1956 እ.ኤ.አ. ያገኙት። በተፈጥሮው ለራሱ የሚበቃውን ያህል ብቻ ይሠራል፦ ላይሲንና ትሪዮኒን የሚባለው ሌላ አሚኖ አሲድ ሲጠራቀሙ አስፓርቶካይኔዝ የሚባለው ኢንዛይም ሥራ ያቆማል፣ ልክ ሮቶ ሲሞላ ተንሳፋፊው ኳስ ውሃውን እንደሚዘጋው። ተመራማሪዎች ኢንዛይሙን ቀይረው መሙላቱ እንዳይሰማው አደረጉት። ባክቴሪያው አየር በሚነፋበት ትልቅ ጋን ውስጥ ስኳርና አሞኒያ እየተመገበ ላይሲኑን ወደ ውጭ ያፈሳል፤ ያ ተጣርቶና ደርቆ ነው ከረጢት የሚገባው። እኔ ይህን ካወቅሁ ወዲህ ከረጢቱን በአክብሮት ነው የምከፍተው።

ያለ ላይሲን ባሳደግሁት ዙር በ42ኛው ቀን አማካይ ክብደታቸው 1.5 ኪሎ ነበር፣ ባለፈው ዙር 1.8 ሆነ። ከሁሉ በላይ ያስደሰተኝ እኩል ማደጋቸው ነው፤ ነጋዴው ሳያማርጥ ሁሉንም ወሰደልኝ። ፋጉሎውን ግን አልቀነስኩም፤ ሌሎቹን አሚኖ አሲዶች የሚሰጠኝ እሱ ነው። አዲሶቹ ጫጩቶች ማክሰኞ ይገባሉ፣ የቀረኝን የላይሲን ከረጢት አፉን አስሬ ከወለል ከፍ አድርጌ አስቀምጫለሁ።