እምቦጭን በዘመቻ ወይስ በጥንዚዛ?

ባሕር ዳር ላይ ድምፄን ለሚጠይቅ ተወዳዳሪ ሁሉ የመጀመሪያ ጥያቄዬ ስለ ጣና ነው፤ ሐይቁን የወረረውን አረም፣ እምቦጭን፣ በምን ሊያጠፉት አስበዋል?

አንዱ መንገድ ነቀላና ማሽን ነው። ውጤቱ ወዲያው በዓይን ይታያል፣ ለቅስቀሳም ይመቻል። አረሙ ግን ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል፤ ዘሩም ደለል ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። የፎገራና የደንቢያ ገበሬ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ገብቶ የነቀለው ተመልሶ ሲበቅል ማየት አንጀት ይበላል።

ሌላው ኒዮኬቲና የሚባለው ነቀዝ መሰል ጥንዚዛ ነው። ያደገው ጥንዚዛ ቅጠሉን ይፍቃል፤ ገና ትል የሆነው ግልገሉ ደግሞ አገዳውን ውስጥ ለውስጥ እየቦረቦረ ይበላል፣ ተክሉም ውሃ ገብቶበት ይሰምጣል። ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ተለቆ አረሙን በመቀነስ ትልቅ ድርሻ ነበረው። ችግሩ ዓመታት መፍጀቱ ነው፤ ማራቢያ ገንዳ፣ ባለሙያና የማይቋረጥ በጀት ይፈልጋል።

እኔ ጥንዚዛውን እመርጣለሁ። ነቀላው ለጀልባ መውጫና ለዓሣ ማስገሪያ ይቀጥል። አረሙን የሚመግበው የእርሻ ማዳበሪያና ደለል፣ የከተማችንም ፍሳሽ ወደ ሐይቁ መግባቱ ካልቀነሰ ግን ሁለቱም አይበቁም፤ ለዚህም ተወዳዳሪዎች የአምስት ዓመት ዕቅዳቸውን ከነበጀቱ ይንገሩን።