መህራንጋር ወይስ ጃይሳልመር?

የሕንድ ግዛት ወደሆነችው ራጃስታን ለመሄድ ያሰበ ግን ጊዜ ያጠረው ሰው የቱን ምሽግ ይምረጥ? ሁለቱም የታር በረሃ ነገሥታት ያቆሟቸው ናቸው። አያያዛቸው ግን ለየቅል ነው።

ጆድፑር ከተማ ያለው መህራንጋር በ1459 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ተጀመረ። ሕንድ በ1971 የቀድሞ ነገሥታቱን አበል ስታስቀር፣ የጆድፑሩ ማሃራጃ (ንጉሥ) ጋጅ ሲንግ በ1972 ምሽጉን የሚያስተዳድር ባለአደራ ተቋም አቋቋሙ። ዛሬ ሙዚየም ነው። ቲኬት ትቆርጣለህ፣ የሙጋሉ ንጉሠ ነገሥት ሻህ ጃሃን በስጦታ የሰጠውን የብር የዝሆን ኮርቻ ታያለህ፣ ትወጣለህ። ሥርዓት አለው፤ ትንሽ ግን ይቀዘቅዛል።

ጃይሳልመር በ1156 ተቆረቆረ። እስካሁን በሺዎች የሚቆጠር ሰው ይኖርበታል። በቢጫው ድንጋይ መሃል የታጠበ ልብስ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል፣ ላም መተላለፊያውን ዘግታ ቆማለች። ጣጣው የመጣውም ከዚሁ ነው። ምሽጉ ሲሠራ ውሃ በእንስራ ነበር የሚቀዳው። የእንግዳ ማረፊያው ሲበዛ የሻወሩና የሽንት ቤቱ ውሃ ወደ መሠረቱ ሰረገ፤ የተናደ ግንብም አለ። ዩኔስኮ በ2013 ከሌሎች አምስት የራጃስታን ምሽጎች ጋር በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ግን እሱን ነው፤ መህራንጋር የለበትም።

እኔን ብትጠይቁኝ ጃይሳልመር። አዳር ግን ከግንቡ ውጭ፣ ታች ከተማው ውስጥ ይሁን።